ጥየቃ መብት እንጂ ችሮታ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1898 ቤልጂካ የተባለችው መርከብ በደቡብ ዋልታ ባሕር ላይ በረዶ ያዛትና እዚያው ከረመች። ተጓዦቹ ለሰባ ቀን ያህል ፀሐይ አላዩም። ጨለማው፣ የማይለወጠው ምግብና ከሰው መነጠሉ ከብርዱ ባላነሰ ጎዳቸው፤ አእምሯቸው የታወከም ነበሩ። ሐኪሙ ፍሬድሪክ ኩክ የደከሙትን ከምድጃ እሳት ፊት ያስቀምጣቸው፣ ትኩስ የፔንግዊን ሥጋ ያበላቸው፣ በመርከቧ ዙሪያም ያራምዳቸው ነበር። አብሯቸው የከረመው ሮአልድ አሙንድሰን በታኅሣሥ 1911 በበረዶ መንሸራተቻና በውሻ ጋሪ ደቡብ ዋልታን ረገጠ።

ኩክ ግን በነዳጅ አክሲዮን ማጭበርበር ተከሶ በ1923 ተፈረደበትና ሌቨንወርዝ በተባለው የአሜሪካ ወህኒ ቤት ታሰረ። በ1926 አሙንድሰን እዚያው ድረስ ሄዶ ጠየቀው። ጨለማ ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ አብሮት ያየ ሰው፣ ወዳጁ ስለተፈረደበት ብቻ አልራቀውም።

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ ስንቅ ይዘው ተራ የሚጠብቁ እናቶችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። በምሳ ዕቃው ያለው ወጥ ተፈትሾ ሲገባ ከምግብነቱ ባሻገር «አልተረሳህም» የሚል መልእክት ያደርሳል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዶቹ፣ በጓደኞቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

«ተጓዦቹ ወደው ሄዱ፤ እስረኛው ግን አጥፍቶ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ብቸኝነት ሰውን ሲጎዳ ጥፋተኛና ንጹሕ ብሎ አይለይም። ፍርድ ቤት የወሰነውም ነፃነቱን መንፈግ እንጂ አእምሮውን መስበር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የማንዴላ ደንቦችም ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ለብቻ ማሰርን የሚከለክሉት ለዚህ ነው። በጥየቃ ሰበብ የተከለከለ ዕቃ ይገባል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ጥብቅ ፍተሻ እንጂ በር መዝጋት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ጥየቃ ሲቋረጥ አሳማኝ ምክንያት ነበረው። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣም ቢሆን ስልክና ደብዳቤ ጥየቃውን ሊተኩት ይገባል።

ስለዚህ ኃላፊዎች የጥየቃን ሰዓት በቅጣት መልክ ከማሳጠር ይቆጠቡ። ዘመድ የታሰረባችሁም ስንቃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የምትይዙት ባይኖራችሁም ባዶ እጃችሁን ሂዱ።