ጭዱን በቅድሚያ የሚበላው ማነው?

እንደሚታወቀው የእርሻ በሬ ከመኸር እስከ ክረምት ዋነኛ ቀለቡ ጭድ ነው። ይሁንና የጭዱን ሴሉሎስ በሬው ራሱ ሊፈጨው አይችልም። ይህን የሚሠራለት በጨጓራው ፈርስ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ በሬ ከመቀለብ በፊት ባክቴሪያውን መቀለብ እንደሚቀድም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊያጤኑት ይገባል እላለሁ።

ሴሉሎስ እንደ ዶቃ የተሰካካ ስኳር ነው። ባክቴሪያው ከጭዱ ቃጫ ላይ ተጣብቆ በኢንዛይሙ ይቆራርጠዋል። ስኳሩ ግን አንድ በአንድ እስኪበታተን አይጠብቅም፤ ሁለት ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደተያያዘ ወደ ውስጡ ያስገባዋል። ስኳር ማስገባት ጉልበት ስለሚጠይቅ፣ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማስገባቱ ቁጠባ ነው። ማያያዣው ውስጥ ሲፈታ የሚገኘውም ኃይል ከፊሉ አይባክንም። ከዚያ ስኳሩን አብላልቶ ለራሱ ይኖርበታል፤ የሚተርፉት አሲዶች፣ የኮምጣጤው አሲድ ጭምር፣ በጨጓራው ግድግዳ አልፈው የበሬው ጉልበት ይሆናሉ።

ነገር ግን ባክቴሪያ በስኳር ብቻ አይራባም፤ ናይትሮጅን ይሻል። መኖ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ ገደማ ሲያንስ ሥራው ይዳከማል፤ የጭድ ፕሮቲን ደግሞ ብዙውን ጊዜ 5 እጅ እንኳ አይሞላም። ሆዱ ሞልቶ የጎኑ አጥንት የሚቆጠር በሬ የምናየው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መፍትሔው ጭድን በዩሪያ ማከም ነው። 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ያህል ውሃ ሟሙቶ በ100 ኪሎ ጭድ ላይ እየተረጨ ይረገጣል፤ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ተሸፍኖም ቢያንስ 3 ሳምንት ይቆያል። ዩሪያው ወደ አሞኒያ ተለውጦ ቃጫውን ያላላል፣ ለባክቴሪያውም ናይትሮጅን ይሆናል።

«ማዳበሪያ ለማሳም አልበቃ» የሚሉ አሉ፤ አባባላቸው መሠረት አለው። ስለሆነም ለከብት ሁሉ ይደረግ አልልም። አንድ በሬ በቀን 5 ኪሎ ጭድ ይበላል ብንል፣ ለአንድ ጥማድ የአንድ ወር ቀለብ 300 ኪሎ ጭድና 15 ኪሎ ዩሪያ ይበቃል። 50 ኪሎ የሚይዝ አንድ ጆንያ ሦስት ገበሬዎችን ያዳርሳል ማለት ነው። ደካማ በሬ ይዞ እርሻ ከማዘግየት ይህ ወጪ ይሻላል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ዩሪያውን ወይም ውሁዱን ከብት ከላሰው ይገድላል። ጉድጓዱ ሲከፈት የዕለቱ ጭድ ሽታው እስኪቀንስ ተበትኖ ያድራል። ጨጓራው ላልጠና ጥጃ አይሰጥም። ላስቲኩን ሦስቱ ገበሬዎች በጋራ ቢገዙትና የመጀመሪያው እርሻ ሊጀመር ከወር በላይ ሲቀረው ጭዱን ቢደፍኑት ይደርስላቸዋል።