በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ዘፈን

ሄቪ ሜታል የሚወዱ ተማሪዎቻችን ዘንድሮ በእረፍት ሰዓት የሚከራከሩት ሳይወለዱ በፊት ስለወጣ አልበም ነው፤ የእንግሊዙ አይረን ሜይደን በ1995 እ.ኤ.አ. ስላወጣው «ዘ ኤክስ ፋክተር»። ድምፃዊው ብሩስ ዲክንሰን በ1993 ቡድኑን ሲለቅ ብሌዝ ቤይሊ ተተካ፤ አድናቂውም ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ አዲሱን ድምፅ አልቀበልም አለ፤ ገሚሱ ጨለም ያለውን አልበም ወደደው።

እኛ ከወደዱት ጋር ነን። (ቀረጻው ደረቅ ነው የሚሉትን ግን አንከራከርም።) የቤይሊ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ዝቅ ብሎ ሲዘፍን ያምርበታል። መድረክ ላይ ግን ለዲክንሰን ቀጭንና ከፍተኛ ድምፅ የተሠሩትን የቆዩ ዘፈኖችም መዝፈን ነበረበት፤ ሲቸግረው ወቀሳው በዛበት። የሌላ ሰው ኮት አልብሶ እጅጌው አልሆነህም እንደ ማለት ነው። ዲክንሰን በ1999 ከተመለሰ በኋላ ከዚሁ አልበም «ሳይን ኦቭ ዘ ክሮስ»ን ራሱ ይዘፍነው ጀመር፤ በ2001 በሪዮ ዴ ጃኔሮው ትልቅ ኮንሰርትም ዘፍኖታል። መጥፎ ዘፈን ቢሆን ኖሮ ባልነካው ነበር።

በመስከረም የምትወዷቸውን የሒሳብ መምህር የሚተኩ አዲስ መምህር ይመጣሉ። ወላጆች እንደ ቀድሞው ያስተምሩ እንደሆነ ከወዲሁ እየጠየቁን ነው። አያስተምሩም። እስከ መንፈቅ ዓመቱ ፈተና ድረስ በራሳቸው መንገድ እንዲያስተምሩ እንተዋቸው።