ኧርሊ ዲሲዥን፦ ልጃችን «ፈርሙልኝ» ሲለን ምን እየፈረምን ነው?



አሜሪካ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ሁሉ ኦክቶበር ሲገባ አንድ ወረቀት ይመጣበታል። ልጁ ወይም ልጅቷ «አባዬ፣ ኧርሊ ላመለክት ነው፣ እዚህ ጋ ፈርምልኝ» ይላሉ። አባት ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ ደክሞታል፣ እናት ለማታ ሺፍት ልትወጣ ነው። «ልጁ ጎበዝ ነው፣ ያውቃል» ይባልና ይፈረማል። ብዙዎቻችን የፈረምነው ምን እንደሆነ የምንረዳው ዲሴምበር ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ቀደም ብሎ ማመልከት ጥሩ ነው። አስገዳጅ የሆነውን ውል መፈረም ግን ሌላ ነገር ነው። የገንዘብ ድጋፍ ለሚፈልግ ቤተሰብ፣ በተለይም ከወለድ ብድር ለሚሸሽ ሙስሊም ቤተሰብ፣ ሒሳቡ በወረቀት ላይ ሳይታይ መፈረም የለበትም።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። «ኧርሊ» የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም።

1ኛ፦ ኧርሊ አክሽን። ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ እስከ ኖቬምበር 1 ወይም 15 ይገባል፣ መልሱም ቀደም ብሎ ይመጣል። ተማሪው ቢቀበሉትም አይታሰርም። እስከ ሜይ 1 ድረስ የሌሎቹን መልስና የገንዘብ ድጋፍ አይቶ ይመርጣል።

2ኛ፦ ኧርሊ ዲሲዥን። የማስገቢያው ጊዜ ተመሳሳይ ነው፣ መልሱ ዲሴምበር አጋማሽ አካባቢ ይመጣል። ይህ ግን ውል ነው። ተማሪው፣ ወላጁና የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ይፈርሙበታል። ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ነው የሚቻለው። ከተቀበሉት ሌሎቹን ማመልከቻዎች ሁሉ አውጥቶ እዚያው ይገባል። ጃንዋሪ ላይ የሚገባ ሁለተኛ ዙር ያላቸውም አሉ፣ እሱም ያው አስገዳጅ ነው።

3ኛ፦ ገደብ ያለበት ኧርሊ አክሽን። ሐርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ስታንፎርድ የሚጠቀሙት ይህንን ነው። አያስርም፣ ግን በዚያው ዙር ወደ ሌሎች የግል ኮሌጆች በኧርሊ ማመልከትን ይከለክላል።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች (ዩሲ) እና የሲያትሉ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኧርሊ የሚባል ነገር የላቸውም። ለሁሉም አመልካች አንድ ቀን ነው።

ታዲያ ልጆቻችን ለምን ወደ አስገዳጁ ይሮጣሉ? ምክንያታቸው ከንቱ አይደለም። አንዳንድ የግል ኮሌጆች ከአዲሱ ክፍላቸው ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ የሚሞሉት በኧርሊ ዲሲዥን ነው። ክሪስቶፈር ኤቨሪ፣ አንድሩ ፌርባንክስና ሪቻርድ ዜክሃውዘር በ2003 ባሳተሙት ጥናታዊ መጽሐፍ ኧርሊ ማመልከት በኤስኤቲ ውጤት ላይ 100 ነጥብ ያህል እንደመጨመር ሆኖ እንደሚያግዝ አሳይተዋል። ኮሌጁም ይጠቀማል፤ የተቀበለው ተማሪ እንደሚመጣ ያውቃል።

ሆኖም የምናየውን የተቀባይ ቁጥር እንዳለ አንውሰደው። በኧርሊ ዙር ውስጥ ለስፖርት ቡድን አስቀድመው የተመለመሉና ወላጆቻቸው በዚያው ኮሌጅ የተማሩ ልጆች ይበዛሉ። የእነሱ ዕድል የልጃችን ዕድል አይደለም።

ዋናው ጉዳይ ግን ገንዘቡ ነው። ዋጋ ማወዳደር የማያስፈልገው ሀብታም ቤተሰብ በዚህ ውል የሚያጣው ነገር የለም። እኛ የምናጣው ግን አለ፣ እሱም የማወዳደር መብታችን ነው። ስፕሪንግ ላይ የአራት ኮሌጅ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ይሄኛው ይህን ያህል ሰጠኝ፣ እናንተስ?» ማለት የሚችለው ያልታሰረ ሰው ነው። ይህንን ኢፍትሐዊነት ራሳቸው ዩኒቨርሲቲዎቹ ያውቁታል። ሐርቫርድና ፕሪንስተን በ2006 ኧርሊ ቅበላን እንደሚተዉ ሲያስታውቁ አንዱ ምክንያታቸው የተሻለ አቅም ላላቸው ያደላል የሚል ነበር። ሌሎቹ ስላልተከተሏቸው በ2011 መልሰው ጀመሩት።

ዛሬ ሙሉ ወጪያቸው በዓመት ከ90,000 ዶላር በላይ የሆኑ የግል ኮሌጆች አሉ። የድጋፍ ደብዳቤ ሲመጣ «ይህን ያህል ሰጥተናችኋል» ይላል፣ ውስጡን ስታዩት ግን ግራንትና ብድር ተቀላቅሎ ነው። ግራንት አይመለስም፣ ብድር ይመለሳል፣ ያውም ከነወለዱ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው ብዙውን ጊዜ እስከ 5,500 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጉድለት በወላጅ ብድር ወይም በግል ባንክ ይሞላል። ተማሪው እስኪጨርስ መንግሥት ወለዱን የሚሸፍንለት ብድር እንኳ በኋላ ወለድ ይታሰብበታል። ይህ ለእኛ የኪስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሪባ ጉዳይ ነው። ሑክሙን ዑለሞቻችሁን ጠይቁ። እኔ የምለው፣ ከወለድ መሸሽ የሚፈልግ ቤተሰብ መሸሻውን መንገድ ገና በኖቬምበር በገዛ ፊርማው አይዝጋ ነው።

«ውሉ እኮ መውጫ አለው፣ ገንዘቡ ካልበቃ ይለቁሃል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የተሰጠው ድጋፍ መማር የማያስችል ከሆነ ተማሪው መልቀቂያ መጠየቅ ይችላል። ይህንን ግን ከጅምሩ እንደ ስልት ይዞ መግባት ሌላ ነው። «ፈርም፣ በኋላ እንወጣለን» ብለን ለ17 ዓመት ልጅ ስንነግረው ቃል ኪዳን ማለት ወረቀት ነው እያልነው ነው። ውልን መሙላት ዲናችን የሚያዘን ነገር ነው። መውጫው በቅንነት ለተቸገረ ሰው የተተወ በር ነው።

ሌላም ዝም የምንለው ጉዳይ አለ። አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ልጅቷ ሩቅ ስቴት ላለ ኮሌጅ ትፈርማለች፣ ትቀበላለች፣ ከዚያ በኋላ «ብቻዋን እዚያ ድረስ አትሄድም» የሚል ክርክር ይነሳል። ይህ ለእሷም ለቤቱም ከባድ ነው። ትሄዳለች አትሄድም የሚለው ውይይት ቦታው ከፊርማው በፊት ነው። ሐላል ምግብ አለ ወይ፣ የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር አለ ወይ፣ የዶርሙ ሁኔታ እንዴት ነው የሚለውንም ያኔ ጠይቁ። የማትልኳት ከሆነ አትፈርሙላት። ከፈረማችሁም አትከልክሏት።

ታዲያ ኧርሊ ዲሲዥን መቼ ነው የሚያዋጣው? ሦስት ጥያቄዎች ላይ «አዎ» ስንል።

አንደኛ፣ ልጁ ይህንን ኮሌጅ በእርግጥ ከሁሉም ይመርጠዋል? ወይስ ጓደኞቹ ስላመለከቱ ነው?

ሁለተኛ፣ ዋጋውን አስልተነዋል? እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር እንዲያስቀምጥ የፌዴራል ሕግ ከ2011 ጀምሮ ያስገድዳል። የታክስ ወረቀታችሁን ይዛችሁ አብራችሁ ሙሉት። ብዙ የግል ኮሌጆች ከፋፍሳ በተጨማሪ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ይጠይቃሉ፣ እሱም የራሳችሁን ንግድና ብዙ ጊዜም የቤታችሁን ዋጋ ያያል። ለአገር ቤት ዘመድ በየወሩ የምንልከውን ግን ቀመሩ በራሱ አይቀንስልንም። በተለይ ታክሲ ወይም ሱቅ ያለው ሰው የካልኩሌተሩ ውጤት ሊሳሳት ስለሚችል ለፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮው ደውሎ ይጠይቅ። እንደ ብራውን፣ ቫንደርቢልትና አምኸርስት ያሉ ብድርን ከድጋፋቸው ያስወጡ ኮሌጆች አሉ። እዚያ ውሉ ያነሰ ያስፈራል፣ ግን የሚሸፍኑት እነሱ ያሰሉትን ፍላጎት እንጂ እኛ የምናስበውን አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሌላ ደብዳቤ ሳናይ፣ በዚህ ዋጋ፣ ደስ ብሎን እንልካለን? አንዱ እንኳ «አይ» ከሆነ መልሱ ኧርሊ አክሽን ነው። ለምሳሌ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ኧርሊ አክሽን አለው፣ እስከ ኖቬምበር 1 ያመለከተ ተማሪ ለስኮላርሺፕም የተሻለ ይታያል። ይህ ቅድሚያ ያለ እስራት ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ደግሞ ክዌስትብሪጅ የሚባለውን ፕሮግራም ይመልከቱ። ማመልከቻው ሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ ይዘጋል፣ የተመረጠ ተማሪም የአራት ዓመት ሙሉ ድጋፍ ያገኛል። በእሱም ቢሆን ከብዙዎቹ ኮሌጆች ጋር የሚደረገው ስምምነት አስገዳጅ ስለሆነ የኮሌጆቹን ዝርዝር አብራችሁ ምረጡ።

ለወጣቶቻችንም አንድ ቃል። የኮሌጅ ስም ሪዝቃችሁን አይወስነውም። ቨርጂኒያ ውስጥ በኖቫ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ የተቀመጠውን ውጤት አሟልቶ ወደ ትልቁ የስቴት ዩኒቨርሲቲ መሻገር የሚያስችል የቅበላ ስምምነት አለ። ያለ ዕዳ የተገኘ ዲግሪ በዕዳ ከተገኘ ታዋቂ ስም አያንስም። ወላጆቻችሁ ቅጹን ባያውቁት የቤቱን አቅም ግን ያውቃሉ፣ ስለዚህ ወረቀቱን ተርጉማችሁ አስረዷቸው። ወላጆችም ብዕሩን ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ምሽት ስጧቸው። ተመካከሩ፣ ኢስቲኻራ ስገዱ፣ ከዚያ ወስኑ።

አላህ ልጆቻችንን ለጠቃሚ ዕውቀትና ለሐላል ሪዝቅ ይወፍቃቸው። አሚን።