አንደኛ ወጥተው የወደቁት

በ2016 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 1,363 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ቁጥሩ የተነገረ ቀን አገሩ ሁሉ ጉድ አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ተረሳ። እኔ ልረሳው አልቻልኩም። በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ውስጥ አንደኛ የወጣ ልጅ ነበራ! ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ካርዱ ላይ «1ኛ» እየተጻፈለት የመጣ፣ እናቱ ካርዱን አጣጥፋ ከሣጥን ያስቀመጠችለት፣ ታናናሾቹ እንደሱ እንዲሆኑ የሚመከሩበት ልጅ። ያ ልጅ 50 በመቶ አላመጣህምና ወድቀሃል ተባለ። አራት ዓመት ሙሉ የለፋበት ውጤት ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሲደርስ ዋጋ አጣ። ይህ ግፍ ነው፤ ግፍነቱን ደግሞ በሹክሹክታ ሳይሆን ጮክ ብለን መናገር አለብን።

አቋሜ በግልጽ ይታወቅልኝ። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠቱን ደግፌያለሁ፣ ዛሬም እደግፋለሁ። ከዚያ በፊት ኩረጃ አገር አዳርሶ፣ መልስ በስልክ እየተላከ፣ ሌሊቱን ሲያጠና ያደረው ልጅ ከኮራጁ በታች ሲሰለፍ አይተናል። ያንን የዘጋ እጅ ይባረክ። ነገር ግን ኩረጃው ሲገፈፍ የታየው ገመና የማን ነው? የ2014ን ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፤ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ በየዓመቱ ሲወድቁ «ተማሪው ሰነፈ» ብሎ መደምደም ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። የወደቀው ያስተማራቸው ሥርዓት ነው። ቅጣቱን የሚቀበለው ግን ልጁ ብቻ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

በገጠር ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። የትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ የተሰባበረ ዴስክ ማከማቻ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ሳስተምር ባትሪውንም፣ ሽቦውንም፣ አምፖሉንም በጠመኔ ሰሌዳው ላይ እስል ነበር። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ሁለተኛ አምፖል ብንቀጥልበት የመጀመሪያው ይደበዝዛል?» አለችኝ። መጽሐፉ ገና ያልደረሰበትን ነገር ራሷ አስባ ነው የጠየቀችው። በተከታታይ ከተቀጠለ እንደሚደበዝዝ፣ በትይዩ ከሆነ ግን እንደማይደበዝዝ በቃል ነገርኳት። የማሳያት አንዲት አምፖል ግን አልነበረችኝም። ያቺ ልጅ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች፤ የማለፊያውን ነጥብ ግን ሳታገኝ ቀረች።

ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ለብዙ ተማሪ በፒዲኤፍ ነው የደረሰው። ስማርት ስልክ የሌለው ልጅ ከጓደኛው ስልክ ላይ ምዕራፉን በእጁ እየገለበጠ ያጠናል። የከተማው እኩያው አስጠኚ አለው፣ ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ተሰብስበው ተሰጥተውታል፣ በቤቱ መብራትና ኢንተርኔት አለ። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ወረቀት ሰጥቶ «እኩል ፈተንኳቸው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። 52 ያመጣው የከተማ ልጅ ገብቶ፣ ያለ መምህርና ያለ መጽሐፍ 48 ያመጣችው የገጠር ልጅ ስትቀር የቀረችው ትልቋ ተስፋችን ናት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ልጅን አብረውት ከተማሩት ጋር እናወዳድረው። ከአንድ መምህር ከሰሙት፣ ለአንድ መጽሐፍ ከተሻሙት፣ በአንድ መንገድ ውኃ ቀድተው ከመጡት ጋር። የአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት በእነሱ አቆጣጠር በ1997 ይህንኑ በሕግ ደንግጋለች፤ ከትምህርት ቤታቸው የመጀመሪያዎቹ 10 በመቶ ውስጥ የወጡ ተማሪዎች የግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲቀበሏቸው። ኦስቲን ያለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ በተማሪ ሲጨናነቅ ለእሱ መጠኑ ዝቅ ተደረገ እንጂ መርሁ አልተሻረም። የሀብታም ሰፈር ትምህርት ቤትም፣ የድሃ ገጠር ትምህርት ቤትም የየራሱን ጎበዞች ይልካል።

«እኛ ዘንድ ካርድ ይሸጣል፤ የመምህር ውጤት አይታመንም» የሚል ይኖራል። ስጋቱ እውነት ነው፤ እኔም በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው። ካርዱን ካላመናችሁት የራሳችሁን ፈተና እመኑ! በየትምህርት ቤቱ በብሔራዊው ፈተና ከፍተኛ ነጥብ ያመጣው ማን እንደሆነ ሚኒስቴሩ መዝገብ ላይ በስም ተቀምጧል። 45 በመቶ አምጥቶ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ የሆነውን ልጅ ለማወቅ የማንንም መምህር ብዕር መለመን አያስፈልግም።

«ተዘጋጅቶ ያልመጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይወድቃል» የሚለውም ሚዛን አይደፋም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሪሚዲያል የሚባል ማካካሻ ትምህርት ተከፍቷል፤ ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው? ወደ ሪሚዲያል ሲመደብም ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ልጆች የመግቢያ ነጥቡ ዝቅ ተደርጎ ያውቃል። የተነሡበትን ቦታ ማየት ተገቢ መሆኑን መንግሥት ራሱ አምኗል ማለት ነው። እንግዲያው እስከ መጨረሻው ይመን፤ የየትምህርት ቤቱ የበላይ ተማሪዎች ቦታ በመመሪያ ተጽፎ ይረጋገጥላቸው።

1,363 ትምህርት ቤቶችን ማስተካከል መምህር፣ መጽሐፍ፣ ላብራቶሪና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ዓመታትም ይፈጃል። ለየትምህርት ቤቱ አንደኞች በር ለመክፈት ግን አንድ መመሪያ ይበቃል። የትምህርት ሚኒስቴር ይህን ከሚቀጥለው ምደባ በፊት ይጻፈው፤ ወላጆችና መምህራንም እስኪጻፍ ድረስ ዝም አይበሉ።