ጭፈራ ታሪክ አይደለም ለሚሉን

በሥነ ጽሑፍ ምሽቶቻችን ደጋግሜ የምሰማው አባባል አለ፤ «ፎቶግራፍ ታሪክ የሚሆነው ንጉሥን፣ ጦርነትን ወይም ረኀብን ሲያሳይ ነው፤ የቀረው የአልበም ማሟያ ነው» የሚል። ይህን የሚሉ ወዳጆቼ የማሊውን ማሊክ ሲዲቤን ሥራዎች አላዩም። አይተውም ከሆነ ያዩት ጥቁርና ነጩን እንጂ ሰዉን አይደለም።

ማሊ እ.ኤ.አ. በ1960 ነፃ ከወጣች በኋላ ሲዲቤ ቅዳሜ ማታ ካሜራውን አንግቶ በባማኮ ከአንዱ የወጣቶች ጭፈራ ወደ ሌላው ይዞር ነበር። ፊልሙን አጥቦ፣ ትናንሾቹን ቅጂዎች ከስቱዲዮው ደጅ ይለጥፋል፤ ጨፋሪዎቹ መጥተው ራሳቸውን ይፈልጋሉ፣ የወደዱትን ያዝዛሉ። ጥቁርና ነጩም ዛሬ በኮምፒውተር ቀለም አጥፍተው «ጥበብ» እንደሚሉን ማጣፈጫ አልነበረም፤ በገዛ ጨለማ ክፍሉ የሚያጥበው ፊልም ነበር።

ለእኔ ዋናው ነገር ግን ገዢው ማን እንደነበረ ነው። ተነሺው ራሱ ከፋይ ነበረ። እንግዲያውስ ፎቶ አንሺው ማንን አዋርዶ ሊያነሣ ይችላል? «ደንበኛ ማስደሰት ማሞካሸት ነው» የሚለኝ ካለ፣ በ1963 የገና ሌሊት ያነሣውን ይመልከት፤ ወጣት ወንድና ሴት ግንባራቸው ሊነካካ ምንም ሳይቀረው፣ ዐይናቸውን ወደ እግራቸው ጥለው ይደንሳሉ። ልጅቷ ባዶ እግሯን ናት። ጫማ ያጫማት የለም። (በሥራዬ በየቀኑ ጉርድ ፎቶግራፍ የምቀበል ሰው ነኝና፣ ለመታወቂያ የተነሣና ለራሱ የተነሣ ፊት እንዴት እንደሚለያይ አውቃለሁ።)

የእኛ ሰው በ1977 ዓ.ም. በዓለም ቴሌቪዥን ሲታይ ግን «ይህንን ልውሰድ፣ ያንን ተወው» ለማለት ዕድል አልነበረውም። ረኀቡ እውነት ነበር፤ ያንን የምክድ አይደለሁም። የምቃወመው ያ ምስል ብቻውን እንዲቆም መፍቀዳችንን ነው። በዚያው ዘመን የተዳረ፣ ልደት ያከበረ፣ በአዲስ ሸሚዝ የተኩራራ ሰው አልነበረም? ነበረ፤ ፎቶ ቤት ገብቶም ተነሥቷል።

ሲዲቤ እ.ኤ.አ. በ2007 በቬኒስ ቢየናሌ የወርቅ አንበሳ ሲሸለም ጨፋሪዎቹ አያቶች ለመሆን ደርሰው ነበር፤ እርሱም በ2016 ዐረፈ። ኔጋቲቮቹን ግን ጠብቆ አቆይቷቸው ነበር። በእኛ ከተማ የቆየ ፎቶ ቤት ሲዘጋ ኔጋቲቮቹ የት እንደደረሱ የሚጠይቅ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ጭፈራ ታሪክ አይደለም የምትሉ ወዳጆቼ፣ የወላጆቻችሁን የሠርግ ፎቶግራፍ ከቡፌው ላይ አንሡና ጀርባውን ገልብጡ፤ ምናልባት የፎቶ ቤቱ ማኅተም ይኖርበታል። ያ ቤት ዛሬ ምን ይሸጥበታል?