«በኔ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል»

በሠሪው ማሽን ላይ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ገና ያላለቀ ፕሮግራም ነው። «በኔ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል» ማለት መልስ መሆኑ ሊቀር ይገባል።

መድኃኒቱ ከተገኘ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1956 አንዲት መርከብ 58 ሣጥኖች ጭና ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ስትሄድ፣ የሣጥኖቹ ልክ አንድ ስለ ነበር ጫኙ በውስጣቸው ያለውን ማወቅ አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዶከር ይህንኑ ዘዴ ለፕሮግራም አመጣው፤ ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር በአንድ ኮንቴይነር ይታሸጋል።

ይህ ለሲቀላ ምን ይፈይዳል የሚል አይጠፋም። ለአንድ የሙዝ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ ሠርተን ውጭ አገር በተከራየነው ክላውድ ላይ ብቻ ብናኖረው፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. እንደ ሆነው ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ መዝገቡ ከነጋዴው ይሰወራል። በሱቁ ማሽን ላይ ብቻ ብናኖረው ደግሞ ማሽኑ ሲቃጠል ሥራው አብሮ ይቃጠላል። ያው ኮንቴይነር በሁለቱም ቦታ የሚነሣ ከሆነ ግን አንዱ ሲጎድል ሌላው ይተካል።

ሆኖም ማሸግ ብቻውን አይበቃም። የይለፍ ቃልና አድራሻ ከኮንቴይነሩ ውጭ ይቀመጡ፤ አለዚያ ለየቦታው እንደገና ማሸግ ግድ ይሆናል። ኮንቴይነሩ ሲወገድ በውስጡ የተጻፈው ይጠፋልና መረጃውም ለብቻው ይኑር፤ ወደ ሌላውም ቦታ ዘወትር ይገልበጥ።

ስለዚህ የመመረቂያ ሥራችን በግቢ ሰርቨርም በክላውድም ሳይለወጥ መነሣቱን ከመምህራን በፊት እኛው እንፈትን። ስንመረቅ ሥራችን ከላፕቶፓችን ጋር አብሮን ከሄደ፣ ለዚህ ከተማ ምን ተውንለት?