«አይቼ ወድጄ ገዛሁ» ስለሚለው ፊርማ

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ አሮጌ አውቶሞቢል ሽያጭ የደረሰብኝንና ከደረሰብኝም በኋላ የተረዳሁትን ከዚህ በታች ጽፌ ልኬአለሁና፣ ለአንባቢዎች ይጠቅማል ብለው ቢገምቱት በአስተያየት መስጫው ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ይህንን የምጽፈው አንድን ነጋዴ ለመክሰስ አይደለም፤ የሰውዬውንም የሱቁንም ስም አልጠራም። እርሱ የሠራውን ሌሎችም ሲሠሩት አይቻለሁና፣ በአንዱ ላይ ብቻ ጣቴን ብቀስር የቀሩትን ነጻ ማውጣት ይሆንብኛል።

እኔ በአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። እናቴ እግራቸውን ስለሚያማቸው በሳምንት ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ይመላለሳሉ፤ በታክሲ ሰልፍ መቆም አልቻሉም። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ ከባለቤቴ ጋር ያጠራቀምነውን፣ የዕቁብ ዕጣችንንና ከወንድሜ የተበደርሁትን አንድ ላይ አድርጌ አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ በ230,000 ብር ገዛሁ። ሻጩ በግቢው ከሃያ የማያንሱ አውቶሞቢሎች የደረደረ፣ ቢሮ ያለው ሰው ነው። ቡና አስቀረበልኝ፤ አስተማሪ መሆኔን በሰማ ጊዜም ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «መምህር» እያለ ያከብረኝ ጀመር። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው 118,000 ይላል። ሞተሩ ታጥቦ ያብረቀርቃል። «ይህ ሞተር ወርዶ አያውቅም፤ መፍቻም አልነካውም» ብሎ በልጆቹ ስም ማለልኝ። መካኒክ ይዤ ልመለስ ብለው «ደስ ይለኛል፤ ግን ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ የያዘ ሌላ ገዢ አለ» አለኝ። ስንት ሰው በዚህች ቃል እንደ ተጣደፈ እግዚአብሔር ይወቅ። እኔም ተጣደፍሁ።

በዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ እናቴን ይዤ ወደ ሱሉልታ ስሄድ የእንጦጦን ዳገት ሳንጨርስ የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን ነካ፤ ከኮፈኑም ሥር እንፋሎት ይትጎለጎል ጀመር። እናቴ ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ጠበቁ። አንዲት እንጨት የተሸከሙ እናት አብረዋቸው ዐርፈው ሲያጫውቱአቸው ስለ ዋሉ ብዙም አልተማረሩም፤ ያፈርሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ አንድ የማምነው መካኒክ ዘይቱን ቢቀዳው፣ ውሃ ገብቶበት ወተት የጨመሩበት ቡና መስሎ ወጣ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎአል። ቴስታታው ራሱም ከዚያ በፊት በሙቀት ተጣሞ በቶርኖ ቤት የተስተካከለ ነው። ጥፋቱ ለጥቂት ቀን እንዲሸሸግ ወፍራም ዘይት ተሞልቶበት ነበር። በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ደግሞ፣ ያጠቡት ሰዎች ሳያዩአት የቀረች የዘይት መቀየሪያ ወረቀት ተገኘች፤ በ2008 ዓ.ም. የተነበበው ኪሎ ሜትር 243,000 መሆኑን ትናገራለች። ሒሳብ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ነገር ግን በሦስት ዓመት ውስጥ 125,000 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ የተጓዘ አውቶሞቢል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወደ ሻጩ ተመልሼ ስነግረው አልተቆጣም፤ አልደነገጠምም። ከመሳቢያው የውሉን ግልባጭ አወጣና በጣቱ እያመለከተ ሦስት ነገር አሳየኝ። አንደኛ፣ «መኪናዋን አይቼ፣ ወድጄና በባለሙያ አስመርምሬ ገዝቻለሁ» ከሚለው ቃል በታች ፊርማዬ አለ። ሁለተኛ፣ በውሉ ላይ ሻጭ ተብሎ የተጻፈው እርሱ አይደለም፤ ፊቱን አይቼው የማላውቅ፣ በውክልና የተፈረመለት ሌላ ሰው ነው። «እኛ ያገናኘን ብቻ ነን» አለኝ። ሦስተኛ፣ በውሉ የሰፈረው ዋጋ 80,000 ብር ነው።

ስለ ሦስተኛው ነገር ማንንም ልወቅስ አልችልም። ለስም ማዛወሪያ የሚከፈለው እንዲቀንስ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንድንጽፍ ያሳሰበኝ እርሱ ቢሆንም፣ እሺ ብዬ የፈረምሁት እኔ ነኝ። በክፍል ውስጥ መልስ ለሚኮርጅ ልጅ ዜሮ የምሰጥ ሰው፣ በውልና ማስረጃ ፊት 150,000 ብር ደብቄ ወጣሁ። በጽሑፍ የሰፈረ ውል በፈራሚዎቹ መካከል የታመነ ማስረጃ ነው፤ እኔ ገንዘቤ ይመለስልኝ ብል፣ ሕጉ የሚያውቅልኝ ገንዘብ ሰማንያ ሺሁን ነው ማለት ነው። መንግሥትን ያታለልሁ መስሎኝ ለነጋዴው መሣሪያ አቀበልሁት።

ከዚህ በኋላ ነው የፍትሐ ብሔርን ሕግ የገለጥሁት። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ በቁጥር 2287 ላይ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ለገዢው ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። «አይቼ ወድጄ» ማለት ገዢው ሊያየው የሚችለውን ይመለከታል፤ የተላጠ ቀለም፣ የተቀደደ መቀመጫ፣ የተሰነጠቀ መስታወት በዓይን የሚታይ ነው። በወፍራም ዘይት የተሸፈነ የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ግን በማን ዓይን ይታያል? ሻጭ ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል የሰወረ እንደ ሆነ፣ ዋስ አልሆንም ብሎ በውል ያስገባው ቃል እንደማይጸና ሕጉ ራሱ ይናገራል። እንግዲህ ያ ፊርማ ነጋዴዎቹ እንደሚያስፈራሩበት ያህል የሚያስር ገመድ አይደለም።

ነገር ግን ሕጉ ገዢውንም ዝም ብለህ ተኛ አላለውም። ዕቃውን እንደ ተረከበ በተቻለ ፍጥነት መመርመር፣ ጉድለት ያገኘ እንደ ሆነ ሳይዘገይ ምን ዓይነት ጉድለት እንደ ሆነ ለይቶ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ካስታወቀም በኋላ ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይገባዋል። ከዚህም በላይ በ2006 ዓ.ም. የወጣውና እኔ በገዛሁ ጊዜ ይሠራበት የነበረው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ከነጋዴ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጎ ነበር። እኔ ጉድለቱን ያወቅሁት በዘጠነኛው ቀን ነው! ስድስት ቀን ቀርቶኝ ነበር። ምን አደረግሁባቸው? በስልክ ለመንሁ። «ነገ ና፣ ሰኞ ና» ሲለኝ ተመላለስሁ። አንዲት መስመር በጽሑፍ አልሰጠሁትም። አዋጁም የሚናገረው ስለ ነጋዴ ሽያጭ ሲሆን፣ በእኔ ውል ላይ የሰፈረው ሻጭ ግን ነጋዴ ያልሆነ ግለሰብ ነው። ሱቁ የራሱን ስም ከውሉ የሚያወጣው ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጉዳዩ በሽምግልና ዐለቀ። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሻጩ 12,000 ብር ሰጠኝ፤ ጥገናው የፈጀብኝ 34,000 ነው። ጠበቃ ያማከረ አንድ ባልደረባዬ «ብትከስ ታሸንፍ ነበር» ይለኛል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያቺ 80,000 የምትል ወረቀት በዳኛ ፊት እንድትነበብ አልወደድሁም።

አሁን ሐሳቤን ላቅርብ። አውቶሞቢል በግቢው ደርድሮ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ገንዘብ ተቀብሎ የሚሸጥ ሱቅ፣ ሊብሬው በማንም ስም ቢሆን እርሱም በውሉ ላይ እንደ ሻጭ ወይም እንደ ዋስ መፈረም አለበት። ደግሞም «አይቼ ወድጄ» ከሚለው ቃል አጠገብ ሻጩ የሚሞላው ቦታ ይኑር፤ መቁጠሪያው የሚያሳየው ኪሎ ሜትር እውነተኛ መሆን አለመሆኑን፣ ሞተሩ ወርዶ ያውቅ እንደ ሆነ፣ ሻንሲው በግጭት ተበይዶ እንደ ሆነ ይጻፍበት። አላውቅም የሚል ካለ «አላውቅም» ብሎ ይፈርም፤ ገዢውም አላውቅም የተባለውን ዕቃ እንደ አላውቅም ዋጋ ይገዛዋል። በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1985 ጀምሮ፣ አሮጌ አውቶሞቢል የሚነግድ ሰው ዋስትና ይሰጥ እንደ ሆነ ወይም እንዳለ የሚሸጥ መሆኑን የሚገልጥ ወረቀት በመስኮቱ ላይ እንዲለጥፍ ደንብ ያስገድደዋል። የዚያ አገር ነጋዴዎች ከእኛዎቹ ይልቅ ጻድቃን ስለ ሆኑ አይመስለኝም።

ለዚህ ግን አሜሪካ ድረስ መሄድ አያሻም። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ የሚያስተምሩን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እኛ ልጆች የሠራነው ወንበርና ሣጥን በየቅዳሜው ይሸጥ ነበርና፣ እርሳቸው በዋዜማው እየዞሩ ስንጥቅ ባለበት ሁሉ በጠመኔ ክብ ያደርጉበት ነበር። እኛ እናዝን ነበር፤ የደከምንበት ዕቃ ረከሰብን እንላለን። ሰዎቹ ግን ከጠመኔው አጠገብ ጎንበስ ብለው ያዩና ዋጋ አስቀንሰው ይወስዱት ነበር። ሳይሸጥ የተመለሰ ወንበር ትዝ አይለኝም።

ይህን ነገር ከስድስት ዓመት በላይ ካለፈው በኋላ ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ በኋላ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊነቱ በርትቶአል፤ ገዢ በበዛበትና ዕቃ ባነሰበት ገበያ ደግሞ መርምሬ ልግዛ የሚለው ሰው ቦታ ያጣል። ባለፈው ወር አንድ ደላላ እቤቴ ድረስ መጥቶ ለኮሮላዋ ከገዛሁበት ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ዋጋ ጠራልኝ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ስላለብኝ ልሸጣት ተስማማሁ። ስለ ቴስታታው ስነግረው ሣቀና «መምህር፣ አሁን እየሠራ አይደል? ለምን አፍዎን ያስቸግራሉ? ገዢው እንደ ሆነ አይቼ ወድጄ ብሎ ይፈርማል» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር አንድ ሌሊት ሙሉ አሰብሁበት። ከዚያ በኋላ ቴስታታው በ2011 ዓ.ም. መከፈቱን፣ መቁጠሪያውም የማይታመን መሆኑን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ በኋላ መስኮቷ ላይ ለጠፍሁት። ደላላው ከዚያ ወዲህ ስልክ አይደውልም። ሦስት ሰዎች መጥተው አንብበው ሄደዋል፤ አራተኛው መካኒክ ይዤ ቅዳሜ እመለሳለሁ ብሎኛል። የውል ናሙና የሚያዘጋጁ የሕግ ባለሙያዎችና የንግድ ሥራን የሚቈጣጠሩ ክፍሎች እንዲህ ያለው ወረቀት ከመስኮት ወደ ውል የሚገባበትን መንገድ ቢያስቡበት፣ በዚህም ነገር ከእኔ የተሻለ ሐሳብ ያላቸው አንባቢዎች በዚሁ ዓምድ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፤

አንድ የሒሳብ አስተማሪ
ከአዲስ አበባ